ሐኪም መላኩ በያንና የግል ዩኒቨርሲቲ በር

ማታር ላይ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሱ ታናናሾቻችን በየክረምቱ አንድ ጥያቄ ይጠይቁናል። ይኸውም ገንዘብ የሌለው ሰው ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪነት ወደ ግል ዩኒቨርሲቲ ሊያመለክት ይችላል ወይ የሚል ነው። ጥያቄው ከምን እንደ መጣ እናውቃለን። የ2014 ዓ. ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶው 3.3 ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በር የጠበበበት ሁሉ ዓይኑን ወደ ሌላ በር መጣሉ አልቀረም። ማታር ደግሞ በአገራችን ምዕራባዊ ጫፍ፣ በደቡብ ሱዳን ወሰን አጠገብ፣ ክረምት ሲሆን ውኃ ሜዳውን የሚሸፍንበት፣ ሰውም ከነከብቱ ወደ ደረቅ መሬት የሚፈልስበት ቆላ ነው። ከዚያ ሆኖ የማመልከቻ ፎርም መሙላት አዲስ አበባ ተቀምጦ እንደ መሙላት አይደለም።

ስለ ፎርሙ አሞላል የሚያስረዳ ሰው አይታጣም። እኛ ግን በዚህች መጽሔት ማቅረብ የፈለግነው ከመቶ ዓመት በፊት ይህንኑ በር ያንኳኳ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሕይወት ነው። ታሪኩ አብዛኛው የተፈጸመው በባሕር ማዶ ስለ ሆነ ከዚህ በታች ያለውን ዘመን በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈነዋል። ደግሞም የምንተርከው በእኛው ዕድሜ ሳለ ከአገሩ ስለ ወጣ ተማሪ በመሆኑ፣ ሽማግሌዎች ቅር አይበላቸውና፣ አንቱታውን ትተናል።

መላኩ በያን በ1900 በወሎ ተወለደ። ያደገው ግን በሐረር፣ በራስ መኰንን ግቢ ነው። በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ተፈሪ መኰንን ዘመዱ ነበሩ ይባላል። ይህን መሸሸግ አያስፈልግም፤ መላኩ የድኻ ልጅ አልነበረም። ከኋላው ቤተ መንግሥት የቆመለት ልጅ ነበር። በዚህ በኩል ከማታር ልጅ ጋር አይመሳሰልም።

በአንድ ነገር ግን ይመሳሰላል። መላኩ ልጅ በነበረበት ዘመን በኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ነው የሚባል ዘመናዊ ትምህርት ቤት ዳግማዊ ምኒልክ ብቻ ነበር ለማለት ይቻላል። እርሱም የተከፈተው በ1908 ነው። ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1925፣ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደግሞ በ1950 ነው። እንግዲህ በ1920 ግድም ዩኒቨርሲቲ ልግባ ለሚል ኢትዮጵያዊ፣ የመሳፍንት ዘመድም ቢሆን የከብት ጠባቂ ልጅም ቢሆን፣ ባሕር ከመሻገር ሌላ መንገድ አልነበረውም። ሲሻገርም በእጁ የሚይዘው፣ የውጭ ኮሌጅ አይቶ የሚያውቀው ሰርቲፊኬት የለውም። የትምህርት ቤቱን ስም ማንም ሰምቶት አያውቅም። ይህን ችግር የእኛ ታናናሾች በሚገባ ያውቁታል።

መላኩ በመጀመሪያ የተላከው ወደ አሜሪካ ሳይሆን ወደ ሕንድ ነበር። ሕንድ ያን ጊዜ በእንግሊዝ እጅ ናት። የአገሩ ተወላጅ በገዛ አገሩ ከሰው በታች ሆኖ ሲኖር አየ፤ ነገሩም ልቡን አስከፋው። ከነጻ አገር የሄደ ልጅ ስለ ሆነ እንዲህ ያለው ኑሮ አዲስ ሆነበት። ስለዚህም ትምህርቱን በአሜሪካ ለመቀጠል ጠየቀ፤ ተፈቀደለትም። ከሕንድ የወጣው እዚያ መማር አቅቶት አልነበረም፤ እዚያ የሚማረው ምን ዓይነት ሰው እንደሚያደርገው ስላልወደደ ነው። የመላኩን የኋላ ሥራ ሁሉ ለመረዳት ይህችን አንዲት ውሳኔ ማየት ይበቃል ብለን እናምናለን።

አሜሪካ የደረሰው በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ በፕሬዚዳንት ሃርዲንግ ዘመን ነው። ሃርዲንግን ራሱን በዋሽንግተን ማግኘቱም ይተረካል። ፕሬዚዳንቱ የኦሃዮ ሰው ነበር፤ መላኩም ትምህርቱን የጀመረው በዚያው በኦሃዮ፣ ኒው ኮንኮርድ በምትባል አነስተኛ ከተማ በሚገኘው በመስኪንገም ኮሌጅ ነው።

መስኪንገም በ1837 የተቋቋመ የግል ኮሌጅ ነው። የግል ሲባል የአንድ ነጋዴ ሱቅ ማለት አይደለም። እኛ አገር የግል ኮሌጆች መታየት የጀመሩት በ1990ዎቹ ስለ ሆነ፣ ስሙን ስንሰማ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ፎቅ ቤት ላይ የተሰቀለ ማስታወቂያና የወር ክፍያ ነው። በአሜሪካ ያለው የቆየው ዓይነት የግል ኮሌጅ ግን ባለቤት የለውም። ባለአደራዎች ያስተዳድሩታል፤ የሚኖረውም ተማሪዎች ከሚከፍሉት፣ ደጋግ ሰዎች ከሚሰጡትና ቤተ ክርስቲያን ከምትረዳው ገንዘብ ነው። ትርፍ ቢያገኝ የሚካፈለው ሰው የለም። መስኪንገም የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ኮሌጅ ነበር። (በነገራችን ላይ፣ በ1962 በጠፈር መርከብ ምድርን የዞረው ጆን ግሌን ያደገው በዚችው በኒው ኮንኮርድ ነው። ቤተ ሰቡ ወደ ከተማይቱ የገባው በ1923 ስለ ሆነ፣ መላኩ መጻሕፍቱን ታቅፎ ሲያልፍ ያ ሕፃን በመንገድ ዳር አይቶት ይሆናል።)

የማታር አንባቢ ሆይ፣ የዚህች ቤተ ክርስቲያን ስም ለአንተ እንግዳ አይደለም። የኒው ኮንኮርዱን ኮሌጅ የደገፈችው የፕሬስቢቴሪያን ወገን በሶባት ወንዝ ላይ፣ ከወሰናችን ማዶ በናስር፣ የሚሲዮን ጣቢያ ነበራት። በዚያ ይሠራ የነበረው ሐኪም ቶማስ ላምቢ የባሮን ሸለቆ ተከትሎ፣ በጋምቤላ በኩል አድርጎ፣ በ1919 ወለጋ ሳዮ ገባ። ኋላም ራስ ተፈሪ ፈቅደውለት አዲስ አበባ ሆስፒታል ሠራ። ያን ጊዜ ጋምቤላ በክረምት የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም እየመጣ ቡና የሚጭንባት ወደብ ነበረች። መርከቡ የሚያልፈው በእኛ ሜዳ በኩል ነው። እንግዲህ መላኩ በኦሃዮ የተማረበትን ኮሌጅ የደገፈችው ቤተ ክርስቲያን የላከችው ሐኪም፣ አያቶቻችን ከብት በሚያጠጡበት ወንዝ ላይ በመርከብ ሲያልፍ ይታይ ነበር ማለት ነው። ከመርከቡ ወርዶ ስለ ኮሌጅ የነገራቸው ግን አልነበረም።

አሁን ወደ ማመልከቻው ነገር እንመለስ። የግል ኮሌጅ ዋነኛ ጠባይ ማንን እንደሚቀበል ራሱ መወሰኑ ነው። በኦሃዮ የመንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ በዚያ ዘመን የግዛቱን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጨረሰውን ሁሉ እንዲቀበል በሕግ ይገደድ ነበር። ለአገሩ ልጅ ይህ መልካም ነው፤ ለባዕድ ግን ሕጉ ምንም አይልም። የግል ኮሌጅ ግን መምህራኑ ተቀምጠው ሰውየውን ማየት፣ ማነጋገርና ይቻለዋል ብለው መፍረድ ይችላሉ። ሰርቲፊኬቱን የሚያውቅለት ሰው ለሌለው ተማሪ ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

ዳሩ ግን ይኸው ነጻነት ሁለት ፊት ነበረው። መላኩ አሜሪካ በገባበት ግድም፣ በ1922፣ የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ሎውል ጥቁር ተማሪዎች ከመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ማደሪያ እንዳይገቡ ከልክሎ ነበር፤ ባለአደራዎቹ ክልከላውን የሻሩት በ1923 ነው። ያው ሰው የአይሁድ ተማሪዎች ቁጥር እንዲወሰን ሐሳብ አቀረበ። ፕሪንስተን እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ጥቁር ተማሪ አይቀበልም ነበር። ዛሬ ታናናሾቻችንን የሚያስጨንቀው የማመልከቻ ዓይነት፣ ማለትም ስለ ራስ የሚጻፈው ድርሰት፣ የመምህር የምስክርነት ደብዳቤ፣ ቃለ መጠይቁና ስለ ጠባይ የሚቀርበው ጥያቄ፣ በብዛት የተስፋፋው በእነዚሁ ዓመታት በነዚሁ ትልልቅ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ነው። ምክንያቱም ፈተና ብቻ ከሆነ የአይሁድ ልጆች እያለፉ ስላስቸገሩ፣ በነጥብ ያለፈውን በጠባይ ለመመለስ ነበር። ሃርቫርድ በ1926 የአመልካቹን ፎቶግራፍ እስከ መጠየቅ ደረሰ። ለማስወጣት የተሠራው ወንፊት ዛሬ በብዙ ቦታ ለማስገባት ያገለግላል፤ ከወንዝ ማዶ የመጣ ልጅ ነጥቡ የማይናገርለትን ነገር በድርሰቱ ሊናገር ይችላልና። ታሪኩን ማወቅ ግን አይከፋም።

ስለ ገንዘቡም እዚሁ ላይ እንናገር። ብዙ ሰው የግል ማለት ውድ ማለት ነው፤ የመንግሥት ማለት ርካሽ ማለት ነው ብሎ ያስባል። በአገራችን እውነት ነው። በአሜሪካ ግን ለውጭ አገር ተማሪ ነገሩ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። የግዛት ዩኒቨርሲቲዎች ለባዕድ የሚሰጡት ርዳታ ጥቂት ሲሆን፣ ሀብታሞቹ የግል ዩኒቨርሲቲዎች የጎደለውን ይሞላሉ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲና አምኸርስት የውጭ አገሩንም አመልካች ቢሆን መክፈል መቻሉን ሳይመለከቱ የሚመርጡ፣ ከመረጡም በኋላ የሚያስፈልገውን የሚሸፍኑ ናቸው። መግባቱ እጅግ ከባድ ነው፤ ይሁን እንጂ የሚከብደው በኪስ ምክንያት አይደለም። ለማመልከቻው የሚከፈለውንም ገንዘብ አቅም የለኝም ብሎ ለጠየቀ ብዙዎቹ ይተዉለታል። ማታር ያለ ልጅ ይህን ሳያውቅ ገና በሩ ሳይደርስ ከመንገድ መመለሱ ያሳዝነናል።

መላኩ በመስኪንገም ኬሚስትሪ ተማረ። ቀጥሎም በዚያው ግዛት ባለው በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ገፋ። ከዚያ በኋላ የወሰነው ውሳኔ ግን ብዙ ሰው ያስደነቀ ነበር። የነጮቹን ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ትቶ፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ ዋሽንግተን ወደሚገኘው ወደ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ገባ።

ሃዋርድም የግል ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ነገር ግን ከመስኪንገም ይለያል። የተቋቋመው በ1867፣ የባርነት ቀንበር ከወለቀ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ስሙንም ያገኘው ከጄኔራል ኦሊቨር ሃዋርድ ነው። የግል ቢሆንም ከአሜሪካ መንግሥት በየዓመቱ በጀት ይቀበላል። በ1926 ሞርደካይ ጆንሰን የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንቱ ሆኖ ተሾመ። በዚያ ዘመን ለጥቁር ሰው ሐኪም መሆን ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ነበረ ለመረዳት አንድ ነገር ብቻ እንጥቀስ። በ1910 ፍሌክስነር የተባለ ሰው የአሜሪካን የሕክምና ትምህርት ቤቶች መርምሮ ባቀረበው ሪፖርት፣ ከነበሩት 7 የጥቁሮች ሕክምና ትምህርት ቤቶች ሊቆዩ ይገባቸዋል ያለው ሁለቱን ብቻ፣ ሃዋርድንና ናሽቪል ያለውን ሜሃሪን ነው። የቀሩት ብዙም ሳይቆዩ ተዘጉ። ስለዚህ መላኩ የገባበት በር ለብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ከቀሩት ሁለት በሮች አንዱ ነበር።

ለምን ሃዋርድን መረጠ? መልሱ ከትምህርቱ ይልቅ ከሰውነቱ ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ዘመን ወደ ውጭ የሄዱ አንዳንድ ኢትዮጵያውያን መኳንንት ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር መቈጠርን አይወዱም ነበር። ነጮቹም ይህን እያዩ ኢትዮጵያዊ ሌላ፣ ጥቁር ሌላ ነው እያሉ ይጽፉ ነበር። መላኩ ይህን ነገር አልተቀበለም። የባርነት ልጆች ናችሁ የተባሉት ሰዎች ወገኖቹ እንደ ሆኑ በቃልም በሥራም አሳየ። ጥቁር ሆኖ፣ ከጥቁሮች ጋር ተቀምጦ፣ በጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ መማርን ወደደ።

እዚህ ላይ ለጥቂት ቃል ከታሪኩ እንወጣለን። እኛ ከኑዌርና ከአኙዋ አገር የመጣን ተማሪዎች በገዛ አገራችን፣ በአንድ የትምህርት ግቢ ውስጥ፣ ከየት አገር እንደ መጣን ስንጠየቅ ቆይተናል። ከኢትዮጵያ ስንል የሚስቅ አጋጥሞናል። የጠየቀን ባልንጀራችን በክፋት ላይጠይቅ ይችላል፤ ግን የቆዳችን ጥቁረት ለኢትዮጵያዊነት በዝቶበት ነው። ከሐረር ቤተ መንግሥት የወጣው መላኩ በያን ከመቶ ዓመት በፊት ጥቁረትንና ኢትዮጵያዊነትን በአንድ ገበታ አስቀምጦ በልቷል። ሌላው ሁሉ ቢቀር ስለዚህ አንዱ ነገር ብቻ ሕይወቱ በየግቢው ቢነበብ እንወድ ነበር።

በሃዋርድ የአፍሪካን ታሪክ የሚያስተምር ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ የሚባል መምህር ነበረ። እርሱም ሃርቫርድ የተማረ ሰው ነው፤ ከ1922 ጀምሮ፣ አፍሪካ ታሪክ የላትም በሚባልበት ጊዜ፣ ስለ ኢትዮጵያና ስለ ኩሽ ያስተምር ነበር። ናይጄሪያን ኋላ በፕሬዚዳንትነት የመራው ናምዲ አዚኪዌም በዚያው ዘመን ሃዋርድ ከተማሩት አንዱ ነው። መላኩና ሃንስቤሪ ወዳጆች ሆኑ። በ1934 ግድም ከሌሎች ጋር ሆነው ስለ ኢትዮጵያ እውነተኛ ዕውቀት የሚያሰራጭ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ አቋቋሙ። ዩኒቨርሲቲ ስንመርጥ የምንመረምረው ብዙውን ጊዜ ስሙንና ክፍያውን ነው፤ እዚያ ማንን እናገኛለን ብለን የምንጠይቅ ግን ጥቂቶች ነን።

በ1931 መላኩ ዶሮቲ ሃድሊ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት አገባ። በአገሩ የአንድ ከፍተኛ ሹም ልጅ ታጭታለት ነበር፤ እርሷን ትቶ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ቤተ መንግሥት ያደገ ሰው ሲያደርገው ቀላል እንዳልነበረ ማንም ይገምታል። ወንድ ልጅም ወለዱ፤ ስሙም እንደ አባቱ መላኩ ተባለ።

ተማሪ ሳለም የአገሩን ጉዳይ አልተወም። ባለሙያ ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ እንዲሄዱ ያግባባ ነበር። በ1935 መጀመሪያ ያገኘው የቺካጎ አውሮፕላን ነጂ ጆን ሮቢንሰን በእርሱ አማላጅነት አዲስ አበባ መጥቶ፣ በጦርነቱ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱን አውሮፕላን የነዳ ሰው ነው። በዚያው ዓመት በ1935 መላኩ የሕክምና ዲግሪውን ተቀበለ። ከሕንድ ከወጣ ከ12 ዓመት የበለጠ ጊዜ አልፎታል። ዕድሜው 35 ነበር። በአራት ዓመት ካልጨረስን የምንጨነቅ ሁሉ ይህን ብናስብ ይበጀናል።

ከሚስቱና ከልጁ ጋር ወዲያው ወደ አገሩ ተመለሰ። ሐኪም በሆነ በጥቂት ወራት፣ በጥቅምት 1935፣ የፋሽስት ኢጣልያ ጦር ወሰን ጥሶ ገባ። በአገሪቱ ውስጥ የነበሩት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ስለ ነበሩ አዲሱ ሐኪም እንደ ደረሰ ወደ ቁስለኛ ሥራ ገባ። በግንቦት 1936 አዲስ አበባ በጠላት እጅ ወደቀች። መላኩ ንጉሠ ነገሥቱን ተከትሎ ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ። ያን ያህል ዘመን የተማረውን ሕክምና ለአገሩ ሕዝብ ያዋለበት ጊዜ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም።

በመስከረም 1936 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወኪላቸው አድርገው ወደ ኒው ዮርክ ላኩት። ሥራው ለስደተኞችና ለአርበኞች ርዳታ ማሰባሰብ ነበር። ለኢትዮጵያ እንረዳለን የሚሉ ማኅበሮች በሃርለም ብዙ ነበሩ፤ ነገር ግን እርስ በርሳቸው አይተማመኑም፤ አንዳንዱም የሰበሰበው ገንዘብ ወዴት እንደ ገባ አይታወቅም። መላኩ እነዚህን ለማስማማት ብዙ ደከመ። በመጨረሻም ነሐሴ 25 ቀን 1937 የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን አቋቋመ፤ የኢትዮጵያ ድምፅ የተባለ ጋዜጣም ወጣ። በየከተማው ቅርንጫፎች ተከፈቱ። አባሎቹ የሚያዋጡት ሳንቲም ነበር፤ የልብስ አጣቢ፣ የወጥ ቤት ሠራተኛና የጫኝ ሳንቲም። የመላኩ የመማሪያ ገንዘብ የመጣው ከላይ፣ ከቤተ መንግሥት ነበር፤ የሥራው ገንዘብ ግን ከታች መጣ።

በሙያው ሐኪም የነበረው ሰው ኒው ዮርክ ላይ የሕክምና ቤት ከፍቶ በደኅና ኑሮ መኖር ይችል ነበር። እርሱ ግን ከስብሰባ ወደ ስብሰባ፣ ከደጅ ወደ ደጅ እየዞረ ተናገረ፤ ጻፈ፤ ለመነ። ጤናው ተጎዳ። በግንቦት 1940 በሳምባ ምች ሞተ፤ 40 ዓመቱ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት በግንቦት 1941፣ ልክ በዓመቱ ነው።

ፌዴሬሽኑ ከርሱ በኋላም ቆየ። ከጦርነቱ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በክፉ ቀን ለረዱ የባሕር ማዶ ጥቁሮች በሻሸመኔ 5 ጋሻ መሬት ሲሰጡ፣ መሬቱ የተሰጠው በዚሁ ፌዴሬሽን በኩል ነበር። ዛሬ በሻሸመኔ ሲያልፍ የራስታዎቹን ሰፈር የሚያይ መንገደኛ ከነገሩ ሥር አንድ የሕክምና ተማሪ እንዳለ አያውቅም።

ሃንስቤሪ በበኩሉ በሃዋርድ እስከ 1959 አስተማረ። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ስለ አፍሪካ ጥናት የመጀመሪያውን ሽልማት ሰጠው፤ አዲስ አበባ መጥቶም ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። መላኩ ከሞተ 24 ዓመት ሆኖት ነበር።